አልኸዋሪዝሚ፦ ስሙ ቃል ሆኖ የቀረው የሒሳብ ሊቅ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ቁጥር ከእኩል ምልክት ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ለምን እንደሚለወጥ ጠየቀችን። ሕጉ እንደዚያ መሆኑን ነግረን አስቀመጥናት። እርሷ ዝም አለች፤ እኛ ግን ሕጉ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ማስተማራችን ሲከነክነን ሰነበተ። ይህን የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ባለታሪካችን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ተወልዶ በ850 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። መጨረሻ ላይ ያለው ስም የአገር ስም ነው። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ ያለ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን የሚካፈሉት ምድር ነው። እኛም እኮ ሰውን ጎንደሬው፣ መንዜው እያልን እንጠራ የለም? እንደዚያው ማለት ነው።

የሠራው በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አልማእሙን የግሪክና የሌሎች አገሮች መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ እንዲተረጎሙ ያበረታታ ነበር። አልኸዋሪዝሚም የጥበብ ቤት ከሚባለው የኸሊፋው ቤተ መጻሕፍት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። የከዋክብት ሰንጠረዥ አዘጋጀ፤ የግሪኩን የበጥሊሞስን የምድር ካርታ እያረመ 2,400 ያህል ቦታዎችን በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚያመለክት መጽሐፍም ጻፈ።

ይሁን እንጂ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚቀርበን ለአልማእሙን ያበረከተው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ለሊቃውንት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ውርስ ለሚካፈል፣ ለሚነግድ፣ መሬት ለሚለካ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ግማሽ ያህሉ የሟች ንብረት በእስልምና ሕግ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለእናት እንዴት እንደሚደለደል ያሰላል። ኤክስ የሚባል የለበትም፣ የመደመር ምልክትም የለበትም፤ ሁሉም በቃላት ተጽፏል። የማይታወቀውን ቁጥር በዓረብኛ ዝም ብሎ ነገር ይለዋል።

አልጀብራ የሚለው ስያሜ የመጣው በመጽሐፉ አርእስት ላይ ካለው አልጀብር ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ የጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ነው። ቃሉ አጥንት ለመጠገንም ያገለግላል፤ ስፔኖች ከዓረቦች ወስደው ወጌሻን አልጌብሪስታ ይሉት ነበር። እንግዲህ ከአንድ ነገር ላይ 4 ተነሥቶለት 9 ቀረ እንበል። ነገሩ ተሰብሯል። ወጌሻው 4ቱን ይመልስለታል፤ ሚዛኑ እንዳያጋድል ደግሞ በወዲያኛውም ጎን 4 ይጨምራል። ነገሩ ድኖ 13 ሆነ። የተሻገረ ቁጥር የለም፣ የተለወጠም ምልክት የለም! ለዚያች ልጅ መመለስ የነበረብን ይህንን ነበር።

ሌላ ምሳሌ ከራሱ መጽሐፍ እንውሰድ። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ በዚያ ላይ የቁጥሩ 10 እጥፍ ሲደመር 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አሠራሩ ይህ ነው፦ 10ን እኩል ክፈል፣ 5፤ 5ን በራሱ አባዛ፣ 25፤ ከ39 ጋር ደምር፣ 64፤ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ 8፤ ከላዩ 5 ቀንስ፣ 3። ብዙዎቻችን ብንሆን እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀምጠን ደብተር ወደ ማረም እንሄድ ነበር። እሱ ግን ሥዕል ያስከትላል። ጎኑ የማይታወቅ አንድ ካሬ ሣሉ። በቀኙና በግርጌው ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ሰቆች ለጥፉ። ካሬውና ሰቆቹ አንድ ላይ ስፋታቸው 39 ነው። ማዕዘኑ ላይ ግን 5 በ5 የሆነ ቦታ ይጎድላል። ያን በ25 ስትሞሉት ትልቅ ካሬ ይሆናል፣ ስፋቱ 64፣ ጎኑ 8። ከ8 ላይ የሰቁን ወርድ 5 ሲያነሡ 3 ይቀራል። ከዜሮ በታች 13 የሚለውን ሁለተኛ መልስ በመጽሐፉ ውስጥ አታገኙትም፤ እንዲህ ያለ ጎን ያለው ካሬ አይሣልማ።

ቃሉን ያስገኘው ግን ሌላው መጽሐፉ ነው። በዘጠኝ አሃዞችና በዜሮ የሚጻፈውን የሕንድ አቆጣጠር የሚያስተምር ሲሆን፣ ዓረብኛው ጠፍቶ የተረፈው በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የላቲን ትርጉም ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው አልጎሪዝሚ እንደተናገረ በመግለጽ ነው። አውሮፓውያን ይህን ስም ይዘው አዲሱን የስሌት ዘዴ አልጎሪስሙስ አሉት። ሰውዬው ተረሳና አንዳንዶቹ አልጉስ የሚባል ፈላስፋ እንደነበረ እስከ መጻፍ ደረሱ! የዘዴውን ጥቅም ለመረዳት የግዕዝ ቁጥሮቻችንን ማየት ይበቃል። ፫፻፬ ስንል ባዶውን የአሥር ቤት የሚይዝ ምልክት የለም፤ ስለዚህ በዓምድ ደርድሮ ማባዛት አይመችም። 304 ላይ ዜሮዋ ቦታውን ትጠብቃለች። እንዲያም ሆኖ የፍሎረንስ ገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር በ1299 አባላቱ በአዲሶቹ አሃዞች መዝገብ እንዳይይዙ ከልክሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ብዙ ተጉዟል። ቁጥር ማለት ከሆነው አሪትሞስ ከሚባል የግሪክ ቃል ጋር ተደባልቆ አልጎሪዝም ሆነ። በ1684 ጀርመናዊው ላይብኒዝ ለአዲሱ የካልኩለስ ስሌቱ ደንቦች ተጠቀመበት። በ1936 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በተወሰኑ ደረጃዎች ምን ሊሰላ እንደሚችል፣ ምንስ እንደማይችል አሳየ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ቃሉ ለማሽን የሚሰጥ የደረጃ በደረጃ መመሪያ ሆነ፤ በአማርኛም ስልተ ቀመር ተባለ። ዛሬ ደግሞ በስልካችን የትኛው ቪዲዮ እንደሚቀድም የሚወስነውን ሁሉ አልጎሪዝም እንላለን፤ ልጥፋችን ሳይታይ ሲቀር አልጎሪዝሙ ደበቀብን እያልን እናማዋለን። የሰው ስም መሣሪያ ሆኖ ሲያበቃ፣ መሣሪያው መልሶ እንደ ሰው ይታማል። ምክንያቱን በሥዕል ያሳይ የነበረ መምህር ስም፣ ለምን እንደወሰነ ለማይነግረን ነገር መጠሪያ መሆኑ እኛን ትንሽ ያሳዝነናል።

ለሚቀጥለው ዙር ልምምድ ካሬውንና ሁለቱን ሰቆች ከካርቶን ቆርጠን አዘጋጅተናል። መዋስ የሚፈልግ ዕጩ መምህር ቢጠይቀን እንሰጣለን፤ ቀይ ቀለም የተቀባችው ትንሿ ካሬ የጎደለችው ማዕዘን ናትና እንዳትጠፋ።