ጆን ቮን ኖይማን

ተማሪዎች፥ የእነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መፍለቂያ በሆነችው በአሰላ የሩጫ ውድድር አይታችሁ ይሆናል። የአሸናፊው ጊዜ በእጅ ሰዓት ሲመዘገብ ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደባሉ። የሁለቱ ተመሳስሎ የሦስተኛው ከተለየ የሁለቱ ይጸድቃል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል። ይህን የመሰለ ዘዴ ለኮምፒዩተር በሒሳብ ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ ጆን ቮን ኖይማን ነው።

ቮን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1903 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። በ1926 በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ፥ ከዙሪክም በኬሚካል ምህንድስና ዲፕሎማ አገኘ። በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፕሪንስተን ማስተማር ጀመረ።

በሚገባ ያውቀው የነበረው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 18,000 ያህል አምፖል መሰል የመስተዋት ቱቦዎች ነበሩት። አንዱ ቢበላሽ ስሌቱ ሊሳሳት ይችል ነበር። ስለዚህ ቮን ኖይማን ከሚሳሳቱ ክፍሎች የሚታመን መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ያዘ። መልሱን በ1952 በካሊፎርኒያ በሰጠው ትምህርት አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1956 ታተመ።

አንዱ ስሌት ለሦስት ክፍሎች ይሰጣል፤ ሁለቱ የተስማሙበትም ይወሰዳል። እያንዳንዱ ክፍል ከ100 አንድ ጊዜ የሚሳሳት ቢሆን፥ አብላጫው የሚሳሳተው ከ10,000 ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው የአንዱ ስሕተት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። ሦስቱም በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ ብዛታቸው አይጠቅምም። ድምፅ ቆጣሪውም ሊሳሳት ስለሚችል ቮን ኖይማን እርሱንም አባዛው። ክፍሎቹ ከልክ በላይ የሚሳሳቱ ከሆነ ግን ማባዛት እንደማያድን አሳየ።

በ1955 ካንሰር እንደያዘው ታወቀ። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተርንና የሰውን አንጎል የሚያነጻጽር ጽሑፍ ማዘጋጀቱን አልተወም። ሳይፈጽመው በ1957 በ53 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥራው እንዳለ በ1958 ታተመ።

አሳቡ ግን ከእርሱ በኋላ ኖረ። በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሮኬት ኮምፒዩተር ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአብላጫ ይወስኑ ነበር። ዛሬም በተለያየ ሥፍራ ተቀምጠው በመስመር የተገናኙ ኮምፒዩተሮች በአብላጫ እየተስማሙ፥ አንዱ ቢቆም እንኳ ሥራውን ይቀጥላሉ። ከመካከላቸው ለአንዱ አንድ፥ ለሌላው ሌላ የሚናገር ቢገኝ ግን ሦስት እንደማይበቁና አራት እንደሚያስፈልጉ ሌሎች ሊቃውንት በ1980 አረጋገጡ።

እንግዲህ ተማሪዎች፥ የጋራ ሥራ ስታቅዱ ማንም አይሳሳትም ብላችሁ አትነሡ። አንዱ ሲደክም ማን እንደሚያርመው፥ አራሚውንም ማን እንደሚያርመው አስቀድማችሁ መርምሩ።