ከቅኔ ቤት እስከ መድረክ

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም፥ በደብረ ኤልያስ ተወልደው ዜማና ቅኔ የተማሩ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ የደረሱትን ተውኔት በተማሪዎቻቸው ያሠሩ ነበር። ቲያትር ገና ባልተለመደበት በዚያ ዘመን፥ የቅኔ ሰው በመድረክ ሥራ መጠመዱ ቀላል ነገር አልነበረም። እርሳቸው ግን የልጅነት ትምህርታቸውን አልጣሉትም፤ ዜማውን ለመዝሙር፥ ሰምና ወርቁን ለተውኔት አዋሉት እንጂ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ተመለሱ። የወረራውንም መከራ «አፋጀሺኝ» በተባለው ተውኔታቸው በምሳሌ አሳዩ። ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ነው። ከሕይወታቸው የምንማረው፥ አዲስ ሙያ የሚይዝ ወጣት የአባቶቹን ትምህርት መጣል እንደማያስፈልገው ነው።