ሮንግ ዪሬን፤ የቻይናን መዋዕለ ንዋይ ባሕር ያሻገሩ ነጋዴ

የአንድ ድርጅት መዝገብ ሲመረመር ገንዘቡ ከየት እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንደ ወጣም መጠየቁ የሙያው ልማድ ነው። ቻይና ራሷ የካፒታል ችግረኛ በነበረችበት ዘመን ገንዘብ ወደ ባሕር ማዶ የላከችው ስለ ምን ነበር? የዚህ ጥያቄ መልስ ከሮንግ ዪሬን የሕይወት ታሪክ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ሮንግ እ.ኤ.አ. በ1916 በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር በዉሺ ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ሮንግ ዴሼንግና አጎታቸው ሮንግ ዞንግጂንግ በዱቄትና በጥጥ ፋብሪካዎቻቸው በመላው ቻይና ስመ ጥር ነበሩ። እርሳቸውም በ1937 በሻንግሃይ ከቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ወደ ቤተሰቡ ሥራ ገቡ። ስንዴና ጥጥ የጠፋበት ፋብሪካ የቱንም ያህል መኪና ቢኖረው ከመቆም እንደማይድን ለእንዲህ ያለ ቤት ልጅ የተሰወረ ነገር አልነበረም።

በ1949 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ከቤተሰቡ አያሌዎች ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ሌላ አገር ሲሰደዱ፥ ሮንግ በሻንግሃይ ቀሩ። በ1956 ፋብሪካዎቻቸውን በመንግሥትና በግል የጋራ ባለቤትነት ሥር አስገቡ፤ በ1957 የሻንግሃይ ምክትል ከንቲባ፥ በ1959 የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በ1966 ከተነሣው የባህል አብዮት አላዳናቸውም። በቀይ ዘቦች ተደበደቡ፤ ከሥልጣናቸውም ወርደው በዝቅተኛ የጉልበት ሥራ ተመደቡ።

በጥር 1979 ዴንግ ሺያዎፒንግ ሮንግን ጨምሮ አምስት የቀድሞ ባለ ኢንዱስትሪዎችን ጠርተው አገሪቱን በመክፈቱ ሥራ እንዲረዷቸው ጠየቁ። ሮንግም በዚያው ዓመት በጥቅምት፥ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፥ ሲቲክ የተባለውን የመንግሥት የመዋዕለ ንዋይ ኮርፖሬሽን አቋቋሙ። የኮርፖሬሽኑ ቀዳሚ ተግባር የውጭ ካፒታል ወደ አገር ማስገባት ነበር፤ በ1982ም በጃፓን የ10 ቢሊዮን የን ቦንድ ሸጠ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ገንዘቡ በተቃራኒው አቅጣጫም መጓዝ ጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮርፖሬሽኑ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በእንጨት ሥራ ገባ፤ በ1986 ደግሞ በአውስትራሊያ፥ በቪክቶሪያ ግዛት፥ ከፖርትላንድ የአሉሚኒየም ማቅለጫ የ10 በመቶ ድርሻ ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ቻይና እንጨትም አሉሚኒየምም ያጥራት ነበር፤ አሉሚኒየም ለማቅለጥ ደግሞ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ እርሱም በአገሪቱ አይበቃም ነበር። ብረቱን ከገበያ መግዛት የዋጋን መዋዠቅ ያስከትላል፤ ባለድርሻ መሆን ግን ከምርቱ የራስን ድርሻ በዓይነት ያስገኛል። ለግዢውም በአብዛኛው ከባንኮች ብድር ስለ ተገኘ፥ በአገር ውስጥ እምብዛም የማይገኘው የውጭ ምንዛሪ አልተነካም።

ሌላው ምክንያት ልምድ ነበር። በ1987 ኮርፖሬሽኑ፥ ያን ጊዜ በብሪታንያ ሥር በነበረችው በሆንግ ኮንግ፥ ከካቴይ ፓሲፊክ አየር መንገድ 12.5 በመቶ አክሲዮን ገዛ። በዚህ ዓይነቱ ሽርክና ቻይናውያኑ የአክሲዮን ገበያን አሠራርና የዘመናዊ ድርጅትን አመራር ከውስጥ ሆነው ለመመልከት ቻሉ።

ሮንግ ከ1993 እስከ 1998 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ካገለገሉ በኋላ በጥቅምት 2005፥ በ89 ዓመታቸው፥ በቤይጂንግ አረፉ። በ2001 የተጀመረው የቻይና የአምስት ዓመት ዕቅድ ድርጅቶች ወደ ውጭ እንዲወጡ መንግሥታዊ ድጋፍ ሲሰጥ፥ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር።

መንገዱ ግን ያለ አደጋ አልነበረም። በ2008፥ ልጃቸው ይመሩት የነበረው ሲቲክ ፓሲፊክ፥ በምዕራብ አውስትራሊያ ለጀመረው የብረት ማዕድን ሥራ በአውስትራሊያ ዶላር ላይ በገባው የምንዛሪ ውል ከባድ ኪሳራ ደረሰበት፤ ልጃቸውም በ2009 ከሥልጣን ወረዱ። አባትየው በፖርትላንድ ከምርቱ ድርሻ በመያዝ የዋጋን አደጋ ለመቀነስ ሲጥሩ፥ በልጅየው ዘመን ድርጅቱ በምንዛሪ ውል አዲስ አደጋ ተሸከመ። ሁለቱም ገንዘብ የሄደው ወደዚያው አገር፥ ለጥሬ ዕቃ ፍለጋ ነበር፤ የለያያቸው የውሉ አገባብ ነው።