ጎይቺ ሆሶዳ

ጎይቺ ሆሶዳ (እ.ኤ.አ. 1898 – 1982) ጃፓናዊ ጋዜጠኛና የገበያ ተንታኝ ነበሩ። በብዕር ስማቸው ኢቺሞኩ ሳንጂን ይታወቃሉ። የአክሲዮን፣ የሸቀጥና የውጭ ምንዛሪ ነጋዴዎች በመላው ዓለም የሚጠቀሙበትን ኢቺሞኩ ኪንኮ ህዮ የተባለውን የዋጋ ሰንጠረዥ የፈጠሩ ናቸው። ስያሜው በጃፓንኛ በአንድ እይታ የሚነበብ የሚዛን ሰንጠረዥ እንደ ማለት ነው። ሰንጠረዡ በዋናነት ከሚያገለግልባቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚወርድ ዋጋ ሊቆም የሚችልበትን ድጋፍ ወይም ሰፖርት፣ እንዲሁም የሚወጣ ዋጋ ሊገታ የሚችልበትን ተቃውሞ ወይም ሬዚስታንስ መለየት ነው።

ሥራቸው

ሆሶዳ በቶኪዮ ይታተም በነበረው ሚያኮ ሺምቡን ጋዜጣ የገበያ ዜና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ይህ ጋዜጣ በ1942 እ.ኤ.አ. ከሌላ ጋዜጣ ጋር ተዋህዶ ቶኪዮ ሺምቡን ሆኗል።

ዋጋን በሥዕል የማንበብ ልማድ በጃፓን ከእሳቸው በፊትም ነበረ። በኦሳካ ከተማ የሚገኘው የዶጂማ የሩዝ ገበያ በ1730 እ.ኤ.አ. መንግሥታዊ ዕውቅና ያገኘ ሲሆን፣ ሻማ የሚመስለው የዋጋ ሥዕል አመጣጥም ብዙ ጊዜ ከሩዝ ንግድ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሻማው በአንድ ቀን ውስጥ ገዢና ሻጭ ያደረጉትን ትግል ያሳያል። ሆሶዳ የፈለጉት ግን ይህ ትግል በሳምንታትና በወራት ውስጥ የት ላይ እንደሚመጣጠን ነበር።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአሠራሩን የመጀመሪያ ቅርጽ በብዕር ስማቸው ይፋ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ስላልነበረ እያንዳንዱ ቁጥር በእጅ ይሰላ ነበር። ሥራው 7 ዓመት ገደማና በድምሩ የ2000 ያህል ሰዎችን ጉልበት እንደፈጀ በጃፓን ይነገራል። ሙሉው አሠራር በመጽሐፍ መታተም የጀመረው ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ሆሶዳ ወደ 71 ዓመታቸው ተቃርበው ነበር። ከመጀመሪያው መጽሐፍ በኋላም ተከታታይ ቅጾች ወጥተዋል።

የሰንጠረዡ አሠራር

ሰንጠረዡ አምስት መስመሮች አሉት። አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ ቀላል ስሌት ነው፤ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የታየው ከፍተኛ ዋጋና ዝቅተኛ ዋጋ ይደመርና ለሁለት ይካፈላል። ይህ የየቀኑ ዋጋ አማካይ ሳይሆን የገበያው ስፋት መካከለኛ ነጥብ ነው።

ቴንካን ሴን የ9 ቀን መካከለኛ ነጥብ ነው። ኪጁን ሴን የ26 ቀን ነው። የእነዚህ የሁለቱ አማካይ 26 ቀን ወደ ፊት ተወስዶ ሲሣል የደመናው አንዱ ጠርዝ ይሆናል። የ52 ቀን መካከለኛ ነጥብ በተመሳሳይ 26 ቀን ወደ ፊት ሲሣል ሁለተኛው ጠርዝ ይሆናል። በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ቦታ ኩሞ ወይም ደመና ይባላል። አምስተኛው መስመር ቺኮ የዕለቱን መዝጊያ ዋጋ 26 ቀን ወደ ኋላ ወስዶ ያሳያል።

26 ቁጥር ጃፓናውያን በሳምንት 6 ቀን ይሠሩበት ከነበረው ዘመን የአንድ ወር የገበያ ቀናት ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይገለጻል።

ድጋፍና ተቃውሞን መለየት

ለምሳሌ የአንድ አክሲዮን ዋጋ በ9 ቀን ውስጥ ከ100 እስከ 120 ብር፣ በ26 ቀን ከ84 እስከ 128፣ በ52 ቀን ከ72 እስከ 128 ብር ቢሆን፣ ቴንካን ሴን 110፣ ኪጁን ሴን 106 ይሆናሉ። የደመናው ጠርዞች 108 እና 100 ይሆናሉ። ከ26 ቀን በኋላ ዋጋው 115 ላይ ሆኖ መውረድ ቢጀምር የመጀመሪያው የደመናው ድጋፍ 108፣ ሁለተኛው 100 ነው። ዋጋው 94 ላይ ሆኖ መውጣት ቢጀምር ግን እነዚያው ጠርዞች ተቃውሞ ይሆናሉ፤ በቅድሚያ 100፣ ከዚያ 108።

ስለዚህ አንዱ ደረጃ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ የሚባለው ዋጋው ባለበት ወገን ነው። ወፍራም ደመና ከቀጭን ይልቅ ለማለፍ አስቸጋሪ እንደሆነ ይታሰባል። ዋጋው ደመናው ውስጥ ሲገባ ገበያው አቅጣጫ እንዳልያዘ ይቆጠራል። ኪጁን ሴን ወይም የ52 ቀኑ ጠርዝ አግድም ሲሆን፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ዋጋ ስላልተለወጠ፣ ያ ደረጃ ጠንካራ እንደሆነ ብዙ ተንታኞች ይወስዳሉ።

ሰንጠረዡ ወደ ፊት የሚሥለው ደመና ትንቢት አይደለም። የተሠራው ካለፈ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ ዜና ሲመጣ ዋጋው ደመናውን ሰንጥቆ ሊያልፍ ይችላል። በሆሶዳ ትምህርትም መስመሮቹ ብቻቸውን የቆሙ አይደሉም፤ ስለ ጊዜ፣ ስለ ማዕበልና ስለ ዋጋ ርቀት ከሚያስረዱ ሦስት ንድፈ ሐሳቦች ጋር አብረው ይነበባሉ። ዛሬ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያውቀው ግን መስመሮቹን ብቻ ነው።

ከሞታቸው በኋላ

ሆሶዳ በ1982 እ.ኤ.አ. አረፉ። መጽሐፎቻቸው በጃፓንኛ ብቻ ስለነበሩ አሠራሩ ከጃፓን ውጭ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልታወቀም። በ2007 እ.ኤ.አ. ኒኮል ኤሊዮት ስለዚሁ ሰንጠረዥ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የገበያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ስለሚገኝ፣ በእጅ ዓመታት የፈጀው ስሌት በቅጽበት ይሠራል።

በኢትዮጵያ የምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ግብይት ጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። የሆሶዳ ሰንጠረዥ ግን በየዕለቱ የሚገበያይ ዕቃ ወይም አክሲዮን ይፈልጋል። ደመናው እስከ ዛሬው ቀን እንዲደርስ የ52 ቀን ዋጋ ከተሰበሰበ በኋላ ሌላ 26 ቀን ገደማ ያስፈልጋል። አክሲዮኑ ለቀናት ሳይሸጥ ከቆየ መስመሮቹ አግድም ይሆናሉ፤ ይህ ግን ገዢና ሻጭ መመጣጠናቸውን ሳይሆን ግብይት አለመኖሩን ብቻ ያሳያል።