ኦርጋንና ኤሌክትሪክ በአንድ ሰው እጅ

በአውሮፓ ታላላቅ ካቴድራሎች የኦርጋን ድምፅና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈጠር ድምፅ አንድነት የሚሰማበት የሙዚቃ ዝግጅት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው፣ ይህ ሙዚቃ ነውን? ለቤተ መቅደስስ ይገባልን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ የኖረው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪዬ መሲያን ነው። ታሪኩን ባጭሩ እነሆ እናቀርባለን።

መሲያን በአቪኞን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የሼክስፒርን ድርሰቶች ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰ መምህር፣ እናቱ ደግሞ ባለቅኔ ነበረች። በ11 ዓመቱ በፓሪስ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1931 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመቱ በዚያው በፓሪስ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተሾመ።

ከምእመናኑ አንዳንዶቹ ድርሰቱ ጆሮ ይረብሻል እያሉ አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። እሱ ግን አልተቈጣም፤ ሥራውንም አልተወም። በአንዱ ቅዳሴ ጥንታዊውን ዜማ፣ በሌላው የቀደሙትን ሊቃውንት ድርሰት እየተጫወተ፣ የራሱን አዲስ ሙዚቃ ለቀትሩ ቅዳሴ አደረገው።

በ1928 ዓ.ም. ሞሪስ ማርትኖ የተባለ ፈረንሳዊ አዲስ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ተጫዋቹ በቀኝ ጣቱ ቀለበት አጥልቆ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘውን ክር ወዲያና ወዲህ ሲስብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል፤ በግራ እጁ ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። መሲያን በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ በሴን ወንዝ ላይ ለሚታየው የፏፏቴና የመብራት ትርዒት፣ በስድስት እንደዚህ ባሉ መሣሪያዎች የሚሰማ ድርሰት ደረሰ።

ከዚያም ጦርነት መጣ። መሲያን በ1940 ዓ.ም. በጀርመኖች ተማርኮ ጐርሊትዝ በሚባል ከተማ ወደሚገኝ የምርኮኞች ሰፈር ተወሰደ። አንድ ጀርመናዊ ዘበኛ ወረቀትና እርሳስ አቀረበለት። በሰፈሩ ከተገኙት መሣሪያዎች መካከል ቫዮሊን፣ ክላሪኔት፣ ቼሎና ፒያኖ ነበሩ። ለእነዚህ ለአራቱ፣ በዮሐንስ ራእይ ስለ ዘመን ፍጻሜ ከሚናገረው መልአክ ሐሳቡን ወስዶ ባለ ስምንት ክፍል ድርሰት አዘጋጀ። ጥር 15 ቀን 1941 ዓ.ም. በብርቱ ብርድ ለምርኮኞቹ ተሰማ፤ ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ነገር አለ። ከስምንቱ አምስተኛው ክፍል ለኤግዚቢሽኑ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሰማው ዜማ ነው። የመጨረሻው ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ለኦርጋን ከደረሰው የተወሰደ ነው። ለትርዒት የተደረሰው ዜማ በምርኮ ቤት በቼሎ ሲሰማ ጸሎት ሆነ።

ከምርኮ ከተመለሰ በኋላ በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማረ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስሙ የገነነው ጀርመናዊው ሽቶክሃውዘን ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር። መሲያን በ1992 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ ያንኑ የሥላሴን ኦርጋን አልተለየም።

እንግዲህ በካቴድራል እንግዳ ድምፅ ሲሰማን፣ ከቧንቧ ወጣ ወይስ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ የደረሰው ሰው ምን ሊናገርበት እንደ ፈለገ መጠየቅ ይገባናል።