ገርማሜ ነዋይ

በሕዝብ አስተዳደር ለማስተር ዲግሪ ማመልከቻ የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፥ ተምሬ ምን ልሠራበት ነው ለሚለው ጥያቄ የአቶ ገርማሜ ነዋይን ታሪክ ተመልከቱ።

አቶ ገርማሜ በአሜሪካ በዊስኮንሲን የመጀመሪያ ዲግሪ፥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተር ዲግሪ ተቀበሉ። የጥናታቸው ርእስ በኬንያ የነጮች ሠፈራ ነበር፤ የመሬት ነገር ግን ለአገራችንም እንግዳ አልነበረም። በ1954 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ቆይተው በወላይታ ገዥ ሲሆኑ፥ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት አደሉ። ባለመሬቶቹ አቤት አሉ። እሳቸውም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ የተማሩትን በሥራ ማዋል እንዲህ ዋጋ ነበረው!

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ አቶ ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ተከበው ሞቱ፤ አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀለ።