የእንጦጦው ሠራተኛ ንጉሥ

ከትምህርት ቤታችን ግቢ ቆመን ወደ ሰሜን ስንመለከት የእንጦጦ ጋራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ይታየናል። ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለእኛ ለተማሪዎች የተሰጠን ርእስ፤ ሥራን ሳያቋርጡ እያሻሻሉ የመሄድ ልማድ በሥራ ቦታ እንዴት ሊጸና እንደሚችል እንድንጽፍ የሚል ነበር። ጃፓኖች ይህን ልማድ ካይዘን እንደሚሉት፤ በአገራችንም በ2004 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ እንደ ነበር መምህራችን አስረድተውናል። እኛ ግን ጃፓን ድረስ ከመሄዳችን በፊት በፊታችን ካለው ጋራ ልንጀምር ወደድን።

ርእሱ እኛንም የሚነካን ነው። ባለፈው ዓመት በክፍላችን የጽዳትና የዕቃ አያያዝ ተራ አውጥተን ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ደኅና ከሄደ በኋላ ተራውን የሚያስጠብቀው የክፍሉ አለቃ ሲታመም ሥራውም አብሮ ታመመ። ስለዚህ የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ታሪክ ስናነብ አንድ ጥያቄ ይዘን ነው ያነበብነው፤ ይኸውም ከጀመሩት ሥራ ከእሳቸው በኋላ የቆየው የትኛው ነው? ስለምንስ ቆየ? የሚል ነው።

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. በሸዋ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞቱ ጊዜ ገና ልጅ ስለ ነበሩ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው በመቅደላ አደጉ። በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና በአባቶቻቸው አገር ነገሡ። አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለ እጆችን በጋፋት ሰብስበው ትልልቅ መድፍ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን በ1860 ዓ. ም. እሳቸው ሲሞቱ የጋፋት ሥራም ተዳፍኖ ቀረ። ሁሉም በአንድ ሰው ኀይል ብቻ የተያዘ ነበረና ነው።

አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ላይ ከትመው ሳሉ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ያ ዘመን ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ነው። የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ አራሹ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ በእጅ መቆፈር እንደ ውርደት ይቈጠር ስለ ነበር ብዙ ሰው መሬቱ እያለ ተራበ። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። መኳንንቱም ንጉሡን አይተው ተከተሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለባላገሩ መቆፈር ነውር መሆኑ ቀረለት። በቤተ ክርስቲያን ሥራም ድንጋይ ተሸክመው ያሳዩ ነበር። አለቃ የሆነ ሰው ከሩቅ ሆኖ ከማዘዝ ይልቅ ዶማ ቢይዝ ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

ዳሩ ግን የአንድ ቀን ምሳሌ ብቻውን ሥራን አያጸናም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ እየተሰደቡ የሚኖሩ ነበሩ። ልጁ በአባቱ ሙያ የሚያፍር ከሆነ ሙያውን የሚያሻሽለው ማን ነው? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ራሳቸውን እንደ መስደብ እንዲቈጠርና ተሳዳቢው በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ስድቡ በዐዋጁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ እስከ ዘመናችንም የደረሰ አለ። ቢሆንም የሥራ መሻሻል ከመሣሪያ በፊት በሠራተኛው ክብር የሚጀመር መሆኑን የተረዱ ይመስለናል።

ንጉሡ አዲስ ዕቃ ሲያዩ መጠየቅና መፈተን ይወዱ ነበር። ከስዊስ አገር የመጣውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት እየተባለ ይነገራል። ከእንጦጦ የምንጭ ውሃ በቧንቧ ወርዶ ቤተ መንግሥቱ የገባው በዚሁ ሰው መሐንዲስነት ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ፤ የጥያቄያችን መልስ ያለው እዚያ ነውና። እንጦጦ ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ለውሃም የማይመች ስለ ሆነ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ. ም. በፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ቆረቈሩ። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ የጋራው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ አለቀ። በእንጨት ዕጦት ምክንያት አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ. ም. ገደማ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንብ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ ቤት የሠራው ሰው ብዙ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለውም ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገ። ጉቶው ተቈርጦ ሲተው እንደገና ያቈጠቍጣልና ድሃውም ሀብታሙም በየአጥሩ ተከለው። ንጉሡም አሳባቸውን ለውጠው በአዲስ ዓለም የተጀመረውን ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። የተሳሳተ አሳብን ትቶ መመለስ ለንጉሥ ቀላል አልነበረም።

ባሕር ዛፉም በሕዝቡ እጅ ከገባ በኋላ የማንንም ትእዛዝ የሚጠብቅ አልሆነም። በ1905 ዓ. ም. ገደማ ዛፉ ውሃ ያደርቃል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የነቀለው ጥቂት ነው። በርግጥ ዛፉ ውሃ መጠጣቱ እውነት ስለ ሆነ፤ በእኛ ዘመን በእንጦጦ ላይ የአገር ዛፍ መልሶ መትከል ተጀምሯል። ትናንት መፍትሔ የነበረውን ነገር ዛሬ ደግሞ ማረም ግድ ሆነ ማለት ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሥራውን ለሚኒስትሮች አከፋፈሉ፤ ዘመናዊውንም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወዲያው ደዌ ጸናባቸውና አልጋ ላይ ዋሉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። ሚኒስቴሮቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታውና ስልኩ ከብዙ ሁከት ጋር ቀጠሉ። በስማቸው የሚጠራውም ሆስፒታል እስከ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማችን በሽተኛ ይቀበላል። የንጉሡን ዐይን ብቻ ይጠብቅ የነበረው ሥራ ግን በሕመማቸው ዘመን ቆመ።

ይህን ካነበብን በኋላ የክፍላችንን ተራ እንደገና አወጣን። አሁን አለቃ የለውም፤ በየሳምንቱ አንድ ተማሪ እየተተካ ያስጠብቃል፤ ጉድለት ያየ ሁሉ በበሩ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተለውጧል። የቀድሞው አለቃም ድኖ ተመልሷል፤ የእሱ ተራ ሐሙስ ነው።